የወፍጮ ቤቱ ችካል

በአዲሱ መስመር መሠረት የየሺሀረግ ራስጌ መንገድ ላይ፣ ግርጌዋ ቤቷ ውስጥ ነበር። ይህን ያረዷት ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሦስት ቀያሾች ናቸው። የጫማቸውን ጭቃ በር ላይ አራግፈው ገቡ፤ ትራሷን በአክብሮት ወደ ጎን ፈቀቅ አደረጉ፤ ከአልጋው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ቀጥ ያለ ጭረት አሰመሩና ይቅርታ ጠይቀው ወጡ። ኻሚስ እንደ ወትሮው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሻዩን ሊጠጣ ሲመጣ፣ የሺሀረግ የቦንቦሊኖውን ዘይት ከእሳት አውርዳ፣ መኝታ ቤቷን እንደ ሙዚየም ለደንበኞቿ እያስጎበኘች አገኛት። አንዱ ባጃጅ ነጂ አልጋውን አዙሪው ይላል፤ ሌላው ጭረቱ ላይ ካላንደር ስቀዪበት ይላል። እሷም ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከወትሮው ትንሽ ረዘም ይል ነበር። ኻሚስን ስታይ ሳቁን ተወችው።

“ይኸውልህ ጋሼ ኻሚስ፣ ከእንግዲህ ስተኛ ባጃጅ በአናቴ ላይ ሊያልፍ ነው” አለችው።

ኻሚስ ለሠላሳ አንድ ዓመት የቀያሽ ረዳት ነበር። ቀይና ነጭ የተቀባውን ዘንግ ይዞ፣ መሐንዲሱ በሦስት እግሩ መሣሪያ አሻግሮ ሲያየው ቀጥ ብሎ መቆም ነበር ሥራው፤ አሶሳ ውስጥ እሱ ያልቆመበት መታጠፊያ የለም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ጡረታ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው። አማርኛን የተማረው ከየአገሩ ከመጡ ቀያሾች አፍ ስለሆነ የጎጃሙም የሸዋውም ተደባልቆበታል። ሴትና ወንድ መለየቱን ግን አንዳቸውም አላስተማሩትምና ለእሱ ሰው ሁሉ “አንተ” ነው። የሺሀረግም ሻይ ቤቷን ከከፈተች ጀምሮ “አንተ” ስትባል ኖራ፣ ማረሙን ከተወችው ቆይታለች። አሁን በሩ ላይ ቆመና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አውራ ጣቱን ወደፊት ዘርግቶ ጭረቱን አየው። ወደ ውጭ ወጥቶ ደግሞ መንገዱን እስከ መስጊዱ ድረስ አየ። ተመልሶ ገባ።

“ልክ አይደለም” አለ። “መንገድ እዚህ ድረስ አይመጣም። አንተ አትፍራ።”

የሺሀረግ መንገዱን የምትጠላ ሴት አይደለችም። እንዲያውም ሰፈሩ ውስጥ እንደ እሷ መንገዱን የናፈቀው አልነበረም። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በአሥራ አንድ ዓመቷ፣ ከወሎ ከቤተሰቧ ጋር በመኪና ተጭና መጥታ ከከተማው ወጣ ካሉት የሰፋሪ መንደሮች አንዱ ውስጥ አደገች፤ ባሏ ሲሞትባት እርሻውን ትታ ወደ ከተማ ገባች። ይቺን ቤት በጭቃ ጀምራ በብሎኬት ነው የጨረሰቻት፤ አንዱን ክፍል ሠርታ ሁለት ዓመት ታርፋለች፣ ከዚያ ሌላውን። ክረምት በመጣ ቁጥር የደጇን ጭቃ በአካፋ ስትዝቅ አስፋልት በገባልኝ እያለች ነው የኖረችው። አጥሯንና የቦንቦሊኖ መጥበሻ ቦታዋን ቢወስዱ እሰዬው ነበር። መኝታ ቤቱ ከሄደ ግን የሚተርፋት ሁለት ሜትር ተኩል የማይሞላ ቁራጭ ነው። ቀያሾቹም ያን ያህል ቦታ ይዞታ አይባልም፣ ከከተማው ዳር ምትክ ይሰጥሻል ብለዋታል። ከከተማው ዳር ደግሞ ለጊዜው ያሉት ማንጎና ዝንጀሮ ናቸው፤ ሁለቱም ሻይ አይጠጡም።

ኻሚስ ሻዩን ቆሞ ጨረሰና ወደ መስጊዱ አቅጣጫ ሄደ። የመንገዱን ሥራ የያዘው ድርጅት ከመስጊዱ አጠገብ ባለች አንዲት ኮንቴይነር ውስጥ ነው ቢሮውን የከፈተው። እዚያ ያገኘው ፍሬሕይወት የምትባል ወጣት መሐንዲስ ነበር። ከደብረ ዘይት ነኝ ስትለው፣ ከቢሾፍቱ ነህ ወይ ብሎ ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት ቀድማ “የወምበራው ደብረ ዘይት” አለችው፤ በቀን አሥር ጊዜ የምትለው ነገር እንደሆነ ከፊቷ ያስታውቃል። ወንበር ሰጠችው። ኻሚስም የሚያውቀውን ነገራት። የመንገዱ የምዕራብ ጠርዝ በሁለት የሲሚንቶ ችካሎች ነው የታሰረው፤ አንዱ መስጊዱ ጥግ ነው፣ እሱን በትክክል አግኝተውታል። ሁለተኛው በድሮው ወፍጮ ቤት በኩል ነው። እነሱ በወፍጮ ቤቱ በኩል ያገኙት ግን የመንገዱ ሳይሆን የውሃ ቧንቧው ችካል ነው፤ ከመንገዱ ችካል አራት ሜትር ወደ ምሥራቅ ይገባል። ከእሱ ተነስተው የመንገዱን ስፋት ሠላሳ ሜትር ሲለኩ የሰው አልጋ ላይ ወጡ።

ፍሬሕይወት አላሾፈችበትም። ኮምፒውተሯን አየች፣ ወረቀት ገለጠች፣ ሁለተኛው ችካል በመዝገቧ ላይ “ጠፍቷል” ተብሎ መጻፉን ነገረችው። በቃል ብቻ መስመር እንደማይቀየር፣ ለዚህ ሰፈር የሠራችውን የመስመር ንድፍ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለበላዮቿ እንደምትልከው፣ ከተላከ በኋላ ማስመለስ ከባድ እንደሆነም ሳትደብቅ ነገረችው። “ካሳዩኝ ግን አባቴ፣ እኔ ራሴ መጥቼ እለካለሁ” አለች። ኻሚስ የስም ካርድ የሚያወጣ ይመስል ኪሱን ዳበሰና፣ ምንም እንደሌለው ሲያስታውስ፣ እሷ ስልክ ቁጥሯን የጻፈችለትን ቁራጭ ወረቀት ከትቶበት አመስግኗት ወጣ።

ችካል መፈለግ ለእሱ ጨዋታ ነበር። ችግሩ ችካሉን የሚያውቀው በጎረቤቶቹ ነው፤ ጎረቤቶቹ ደግሞ የሉም። ወፍጮ ቤቱ ፈርሶ ባለ ሦስት ፎቅ ሆቴል ቆሞበታል፤ ከሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ የሚመጡት ነጫጭ የእርዳታ ድርጅት መኪኖች ደጁን ሞልተውታል። ከወፍጮው ፊት ለፊት የነበረው፣ እህል አስፈጪዎች ተራቸውን የሚጠብቁበት ትልቁ ማንጎ ተቆርጦ በሥፍራው የባንክ ማሽን ተተክሏል። ኻሚስ ግንቦትን ሙሉ በማንጎ ሽታ የሚያውቀው መንገድ ላይ ቆሞ የሚሸተው የቀለምና የናፍጣ ሽታ ነበር። አልከፋውም። ከተማዋ ስታድግ ከአፍንጫው ሥር አድጋለች፤ አብዛኛውን መንገድ ጣታቸውን ቀስረው “በዚህ ይሂድ” ካሉት ሰዎች ጋር የተከለው እሱ ነው። በመጀመሪያ ጎጆ ነበረ፣ ከዚያ ቆርቆሮ መጣ፣ ቆርቆሮው ዝጎ ሰፈሩ ሁሉ የተተወ የመሰለበት ጊዜም ነበር፣ አሁን ደግሞ ሴራሚክና መስታወት ነው። የሚያናድደው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰው ቤት ሲያፈርስ ለሚቆጥር ሰው አንዲት ምልክት እንኳ አይተውም።

የሆቴሉን በር የሚጠብቀው ለሜሳ ነው፤ የባምባሲ ልጅ ነው፣ ድሮ እዚያው ወፍጮ ላይ ሞተር ያስነሳ ነበር። ሁለቱ በኦሮምኛ አካም ጅርታ ተባብለው፣ ስለ ጉልበታቸው አውርተው፣ ሲሚንቶ ኩንታሉ ስንት እንደገባ ተገረሙ። ኻሚስ የመጣበትን ሲነግረው ለሜሳ ክንዱን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደው። እዚያ የሆቴሉ አንሶላ የሚታጠብበት፣ ዙሪያውን በሳሙና የነጣ የሲሚንቶ መደብ አለ። ለሜሳ በእግሩ መታ መታ አደረገው። የወፍጮው ሞተር ታስሮበት የነበረው መደብ ነው፤ አፍራሾቹ ሁለት ቀን ቀጥቅጠው ሲያቅታቸው ለልብስ ማጠቢያ ይሁን ብለው ትተውት ሄደዋል። ኻሚስ አንሶላ ከምታሰጣው ሴት ይቅርታ ጠይቆ መደቡ ላይ ወጣና ጀርባውን ለጥጉ ሰጥቶ ቆመ። ከዚህ ወደ መስጊዱ አቅጣጫ ስልሳ ሁለት እርምጃ ነው። የለካው ቀያሽ ጎንደሬ ነበር፤ ሜትሩ እንኳ ቢጠፋ በእግርህ ያዘው ብሎ ሦስት ጊዜ አስቆጥሮታል።

አጥሩ ላይ ሲደርስ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ለሜሳ ከውስጥ መጥረጊያውን በአጥሩ ላይ ከፍ አድርጎ ይዞ ቆመለት፤ እሱ በበሩ ዞሮ ወጥቶ በመጥረጊያው ትይዩ ከሱቆቹ በረንዳ ላይ ቆጠራውን ቀጠለ። በመስመሩ ላይ እንዳይሄድ ሱቆቹ ስለከለከሉት አራት እርምጃ ወደ መንገዱ ወጥቶ ነው የሚቆጥረው፤ መጨረሻው ላይ አራቱን ወደ ቀኝ ይመልሳቸዋል። ፀጉር ቤቱን አለፈ፣ ሠላሳ አንድ። የስልክ ጥገናውን አለፈ። አንድ የሚያውቀው ሰው ሰላምታ ሲሰጠው እጁን አንስቶ ዝም አለ፤ ሃምሳ ላይ ነበር። ስልሳ ሁለት ላይ ቆመና ወደ ቀኝ ዞሮ ቀና ሲል፣ ፊት ለፊቱ ያለው የግንባታ ዕቃ መሸጫ የልጁ የሙንታሲር ሱቅ ነው።

ሁለት እርምጃ ሄደ፤ በረንዳው አለቀ። ደፉ ላይ ቆመ። ባለፈው ዓመት ሱቁ ሲመረቅ እዚሁ ቆሞ ዱዓ ያደረገው እሱ ነው። ሙንታሲር ከባንኮው ኋላ ለአንድ ደንበኛ ምስማር ይመዝን ነበር፤ የአባቱን ከንፈርና እግር ሲያይ ሚዛኑን ተወው። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ከአባቱ ጋር ሜትር ሲጎትት ስላደገ፣ አባቱ ምን እያደረገ እንደሆነ አልጠፋውም።

“ስንት ቀረህ አባ?” አለ፣ በቤታቸው ቋንቋ፣ በበርታኛ።

“ሁለት።”

ሙንታሲር የደንበኛውን ምስማር ጠቀለለለት። ደንበኛው ምስማሩን ይዞ ሄደ። ኻሚስ ወደ ውስጥ ሳይገባ፣ ወለሉ ሥር ያለውን በልጁ ፊት ላይ አነበበው። ቆይቶ ሙንታሲር ራሱ በአጭሩ ተናገረ። ወለሉ ሲቆፈር ብረት ያለበት የሲሚንቶ ድንጋይ ወጥቷል። ቁጥሩን አይቶታል። ሠራተኞቹ እንንቀለው ሲሉት አይነቀልም ብሎ ተቆጥቷቸው፣ ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ ሳይወስደው አድሮ፣ በማግስቱ ሴራሚክ አለበሰበት። ያልነቀለው አባቱ ችካል አይነካም ሲል ስላሳደገው ነው። ያለበሰውም አባቱ እንዳያየው ነው። ቦታውን የሸጠለት ሰውዬ ያሳየው ወረቀት እስከ በረንዳው ጫፍ ድረስ ይላልና፣ ልክ ይሆናል ብሎ ራሱን አሳምኖ ነበር። ለካስ ባለፈው አንድ ዓመት ሙንታሲር አባቱን ሱቁ ውስጥ አስቀምጦ ሻይ ጋብዞት የማያውቀው፣ ሁልጊዜ በረንዳ ላይ ወንበር የሚያወጣለት ለዚህ ኖሯል።

ምሳ ላይ ሦስቱም ተቀምጠዋል፤ ኻሚስ፣ ሚስቱ ኸድራና ሙንታሲር። የማሽላ ገንፎው መሐል ላይ ነው፣ ባሚያው በጎድጓዳ ሳህን ጎኑ ቀርቧል። በአዘቦቱ ቀን ሙንታሲር በዚህ ሰዓት ስለ ቆርቆሮ ዋጋ ሲያወራ ሌላው ተራ አያገኝም። ዛሬ የሚሰማው ጣሪያው ላይ የሚወድቀው ማንጎ ብቻ ነው። አንዱ ሲወድቅ ሦስቱም ቀና ብለው ያዩና ወደ ገንፎው ይመለሳሉ። ኸድራ ነገሩን በአንድ ጉርሻና በሌላው መካከል ከሁለቱም አወጣጥታ ሰማች። ለማን እንደምታደላ ኻሚስ ገምቶ ነበር፤ የሺሀረግ ወዳጇ ናት፣ በዒድ አንዷ ሌላዋ ቤት ሳትበላ ውላ አታውቅም። ግምቱ ልክ አልነበረም። ኸድራ እጇን ታጠበችና፣ “አንተ ጡረታ ወጣህ፤ ያ ድንጋይ መቼ ነው የሚወጣው?” አለችው። ከዚያ ሳህኑን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች።

ልጁ ሲሄድ እሱ ማንጎው ሥር ጋደም አለ። እንቅልፍ እምቢ አለው። ችካሉ ጠፋ ቢል ማን ያውቃል? ለሜሳ እንደሆነ እርምጃ አልቆጠረም፣ መጥረጊያ ነው የያዘው። መሐንዲሷ ታምነዋለች፤ እንደውም ስለደከሙ ይቅርታ ትለዋለች። በሥራ ዘመኑ ስንቱ ችካል ፈቀቅ አድርግልኝ ብሎ ማር፣ ፍየል፣ አንዱማ ወርቅ በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶለት መልሷል፤ በዚህም ስሙ ይነሳ ነበር። አሁን ሲያስበው ያን ጊዜ ቀላል ነበር። ግድግዳው የሌላ ሰው ነበር። ሙንታሲር ግን ያን ሱቅ ለመክፈት አራት ዓመት ኩርሙክ መንገድ ላይ የጭነት ረዳት ሆኖ ሠርቷል፤ ጀርባውን እስከ ዛሬ ያመዋል። በሌላ በኩል የሺሀረግ ናት፤ አትፍራ ብሏታል። የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ ተነሳ። ሰገደ። ሰላም ብሎ ሶላቱን ሲያበቃ ምን እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር፤ ደስ ግን አላለውም።

ሱቁ ሲደርስ ሙንታሲር ከባንኮው ኋላ ተቀምጧል፤ ስልኩን ይዟል፣ እያየው ግን አይደለም። ኻሚስ መዶሻና መሮ እንዲሰጠው ጠየቀው፤ ገንዘቡንም ከኪሱ አውጥቶ ባንኮው ላይ አኖረ። ሙንታሲር መዶሻውንና መሮውን ሰጠው፤ ገንዘቡን አልነካውም። ኻሚስ ደፉን ተሻገረ፤ አንድ፣ ሁለት። ተንበረከከ። ጉልበቱ ጮኸ። የመጀመሪያውን ሴራሚክ ሰበረ፤ ሥሩ ያለው አሸዋ ነው። አጠገቡ ያለውን ሰበረ፤ አሁንም አሸዋ። ስልሳ አራት ዓመት የሞላው እርምጃ እንደ ድሮው እንደማይረዝም ያኔ ነው የገባው። ሦስተኛው ላይ መሮውን ሲያቆም ልጁ ተነስቶ መጣና የቀለም ባልዲዎቹን አንድ በአንድ ከመደርደሪያው ሥር አወጣ።

“እዚያ አይደለም” አለ። “አምጣ።”

መዶሻውን ከአባቱ እጅ ወስዶ፣ መደርደሪያው ሥር ተኝቶ ሴራሚኩን በሁለት ምት ሰብሮ ገለጠው። ድንጋዩ ሲታይ ትንሽ ነው፤ የዳቦ ያህል ቢሆን ነው። መሐሉ ላይ የዛገ ብረት አለ፣ ጎኑ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። አባትና ልጅ በሆዳቸው ተኝተው አዩት። ኻሚስ በመሐረቡ አቧራውን ጠረገለት። ከዚያ ሙንታሲር ስልኩን አውጥቶ፣ የመሐንዲሷን ቁጥር አባቱ ከኪሱ ካወጣት ወረቀት ላይ እያነበበ ደወለ። አሥር ሰዓት ከአርባ ነበር።

ፍሬሕይወት ከሦስቱ ቀያሾች ጋር መጣች። ቁጥሩን ከመዝገቧ ጋር አስተያየች፤ “ጠፍቷል” የሚለውን ቃል ሰረዘችው። መሣሪያው ቆመ፣ ዘንጉ ተያዘ። ኻሚስ ዘንጉን የያዘውን ወጣት ትከሻህን ቀና አድርግ ሊለው ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ተወው። ልኬቱ አራት ሜትር ከአሥር ሳንቲሜትር ወደ ምዕራብ መጣ። የሺሀረግ ከወዲያ ማዶ ሻይ ቤቷ ደጅ ቆማ ታያለች። አዲሱ መስመር አጥሯንና የመብራት ቆጣሪዋን ይዞ ከበሯ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ አለፈ። አንዱ ቀያሽ በእጁ የመኝታ ምልክት አሳያት፣ ተኚ እንደማለት። እሷ ግን እሱን አልነበረም የምታየው። የተሰባበረውን የሱቅ ወለልና በባንኮው መሐል የተዘረጋውን ገመድ ነበር። በረንዳው ሙሉ በሙሉ፣ ከሱቁም የፊቱ ሁለት ሜትር ይሄዳል፤ ከስድስት አራት ይቀራል። መንገዱን ተሻግራ መጣችና ገመዱ አጠገብ ቆመች።

“ምነዋ ጋሼ፣ የልጅህ ሱቅ እኮ ነው” አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ኻሚስ ጎንበስ ብሎ የሴራሚኩን ስብርባሪ መልቀም ጀመረ። ሙንታሲር ነው ከውስጥ የመለሰላት፤ አራት ሜትርም ለምስማር ይበቃል አለ። ቀልድ አስቦ ነበር የተናገረው፤ የሳቀለት ግን አልነበረም። የሺሀረግ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና አንድ የቀለም ባልዲ አንስታ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዛ ገባች። ከዚያ ሌላ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ኸድራ በመንገዱ ታጥፋ መጣች፤ ማን እንደነገራት አልታወቀም። ባልዲውን ከየሺሀረግ ተቀብላ ከውስጥ መደርደር ጀመረች።

ፍሬሕይወት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ቅጽ ትሞላ ነበር። ችካሉ ሲገኝ የጠቆመው ሰው ስምና ሥራ ይጻፋል፤ ደንቡ ነው። ብዕሯን ይዛ ወደ ኻሚስ ቀና አለች፤ “የቀድሞ የቀያሽ ረዳት” የሚለውን በአእምሮዋ አዘጋጅታ ጨርሳለች። ኻሚስ ሸሚዙ ላይ የቀረውን አቧራ አራገፈ። በዕድሜው ስሙ ወረቀት ላይ የሰፈረው ደመወዝ ሲፈርም ብቻ ነው፤ አንድም ካርታ ላይ አልተጻፈም፣ ዘንግ ያዥ አይጻፍም።

“እኔ ሁለት ሰበርኩ፣ ሁለቱም ልክ አይደለም” አላት። “ያሳየው እሱ ነው። ሙንታሲር ኻሚስ በል። ነጋዴ።”

ጻፈችው። ሙንታሲር ተጠርቶ ወጣ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወረቀቱን ተቀበለ። አንድ ጊዜ አነበበ። እንደገና አነበበ። ቀና ብሎ አባቱን አየውና በአጭሩ ፈረመ። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመልሶ የፊተኛውን መደርደሪያ በአንድ ወገን ያዘ፤ ኻሚስ በሌላው ወገን ያዘለት።

“ስንት እርምጃ እናስገባው?” አለ ልጁ።

“ያንተን ቁጠር” አለው ኻሚስ፤ “የኔ አጥሯል።”

አነሱት።